ጥቁሩን ማንጣት

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ምግብ ላይ ያላችሁም አፋችሁን ጠርጋችሁ ተቀመጡ። የምነግራችሁ ነገር ከምግብ ጋር አይሄድም።

ሽማግሌው ቀለም ቀቢ ወለሉ ላይ በርከክ ብሎ የሚስቱን እግር የጠቀለለውን ፌስታል እየፈታ ነበር። የመጨረሻው ዙር ሲላቀቅ ሽታው አፍንጫውን መታው። የሰነበተ ዓሣ ከዛገ ብረት ጋር የቀቀሉት ይመስላል። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ የበላው ቁርስ ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

«ተወው አላልኩህም?» አለች ሚስቱ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨምድዳ።

«ዝም በይ እስቲ አንቺ ሴትዮ። ጠዋት ግድግዳ ይዘሽ ስትነሺ አይቼሻለሁ እኮ።»

ለብ ያለ ውሃ ከያዘው ሳፋ ጨርቅ ነክሮ እግሯ ላይ ጣል አደረገ። የተቀባችው ቅባት ቢጫ ሆኖ ረግቷል። ከሥሩ ቆዳዋ ዝናብ እንደገባበት ግድግዳ አብጧል፤ ጨርቁን ሲያነሳ አብሮት ይመጣል። ዕድሜ ልኩን ያበጠ ቀለም ሲፍቅ ኖሯል፤ እንዲህ የሚያዥና ጣት ላይ የሚጣበቅ ግን ገጥሞት አያውቅም። ያልተላጠው ቆዳም ቢሆን በያለበት ገርጥቷል። እግሯ ላይ የወጡት፣ የምስር ፍሬ የሚያክሉ ነጫጭ ነጥቦች ግን ምንም ሳይነካቸው እንዳሉ አሉ።

«ይሄ ሁሉ መከራ ለእነዚህ ነው?»

«መጀመሪያ ላጠቁራቸው ሞከርኩ፤ እምቢ አሉኝ። ነጩን ማጥቆር ካቃተኝ ጥቁሩን ላንጣው አልኩ። ጸጉር ሠሪዋ ናት ቅባቱን የሰጠችኝ። ‹ፌስታል ጠቅልለሽበት እደሪ› አለችኝ።»

ሰውዬው ሳቁ መጥቶበት ነበር፤ በዚያ ሽታ አፉን ከፍቶ መሳቅ ግን አልቻለም።

«ሐኪምስ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። አንዲት ፍሬ ልጅ ‹እማማ፣ የዕድሜ ነው፤ አያምም፣ ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ይተዉት› አለችኝ። ዕድሜን እንዴት አድርጌ ልተወው?»

ያኔ ነው ትራሷ አጠገብ ሌላ የቅባት ቆርቆሮ ያየው። ገና አልተከፈተም፤ ክዳኑ ላይ የሴት ፊት አለበት።

«ይሄስ?»

«የፊት ነው። እግሬ ነጥቶ ፊቴ ጠቁሮ ልኑር እንዴ? ሰው ምን ይለኛል?»

ያ ጠዋት ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ የሚያየው ፊቷ፣ ግንባሯም ጉንጯም፣ እንደዚህ እግር ተልጦ ሲያዥ ታየው።

«አምጪው» አለና እጁን ዘረጋ።

ቆርቆሮውን ጭኗ ሥር ወሸቀችው። «አልሰጥም።»

«ለመሆኑ ማን ምን ብሎሽ ነው?»

«አንተ ነህ» አለች።

«እኔ?» አለ፣ ጨርቁን ሳፋው ውስጥ እየነከረ።

«ያን ቀን ከሥራ ስትገባ የመጀመሪያዋን ነጥብ አየህ። ቀለም የፈነጠቀብኝ መስሎህ አውራ ጣትህን በምራቅህ አርሰህ ታሻት ጀመር። እንደዚያ ስትጠርግልኝ ነው የኖርከው። አልለቅ ስትልህ ግን ጣትህን አየኸው። ተነስተህ ሄደህ ታጠብክ፤ ያውም በሳሙና! ፊትህን አይቼዋለሁ። አሁን እንዳትዋሸኝ።»

ሊዋሽ ነበር። ሥራ የዋለ ሰው እጁን አይታጠብም ወይ ሊላት ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሷል። ዋጠው።

«ተጸይፌ ነው» አለ። «ለምጽ መስሎኝ ደነገጥኩ። ተጸይፌሽ ነበር።»

ይህን አልጠበቀችም መሰል፣ ቀና ብላ አየችው። «አሁንስ?»

«አሁንማ ሊያስመልሰኝ ነው! ግማት እኮ ነው አንቺ! ነጥቡንማ ማን አየው፤ ከዚህ ጉድ ጋር ሳስተያየው ጌጥ ነው። ፊትሽን እንዲህ ካደረግሽው ግን እኔ ማንን ልይ?»

እውነቱን ነው። ዓይኑ ውሃ አቅርሯል፣ ከንፈሩ ገርጥቷል፣ አፍንጫውን ክንዱ ላይ ደፍቷል። እንዲያ ሆኖ ስታየው ሳቅ አመለጣት። ስትስቅ እግሯ ተነካና «እፍፍ!» አለች። ከዚያ ቆርቆሮውን ከጭኗ ሥር አወጣች። ክዳኑ ላይ ያለችውን ሴት ለአፍታ አየቻትና ሳፋው ውስጥ፣ የቆሸሸው ውሃ ላይ ለቀቀቻት።

«ሐኪም ቤት አብረን ነው የምንሄደው» አለ።

«እንዲህ እየሸተትኩ?»

«እኔስ ምን ቀረኝ? ያው ሁለታችንም ሸትተናል።»

ትንፋሹን ያዘና የቀረውን ቢጫ ነገር እየተንገሸገሸ ጠረገላት። ጨርቁን ሊጨምቅ ጎንበስ እንዳለ ጉልበቱ ላይ አንድ ነገር አረፈበት። ብርድ ልብሱ ውስጥ ደብቃው የቆየችው ሌላኛው እግሯ ነው፤ እሱም በፌስታል ተጠቅልሏል። ሳይጠይቃት ራሷ ዘርግታለት ነው።

ልጆቼ፣ ሌላው ቢጠፋችሁ አይከፋኝም። ያችን እግር ግን፣ ከነፌስታሏ፣ አስታውሱልኝ።