የተለመደ የገጠር ክፍል

ኦቲሊያ የመጨረሻውን ወረቀት አድላ ቀና ስትል፣ ክፍሉን የያዘው ዝምታ የሥራ ዝምታ አልነበረም። አሥራ ሰባት ሕፃናት ወረቀታቸው ላይ አፍጥጠዋል፤ እርሳስ ያነሡት አራት ናቸው።

ከኋላ፣ ከካርታው ሥር፣ የትምህርት ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ስማራንዳ ተቀምጠዋል። ካፖርታቸውን አላወለቁም፤ ደረታቸው ላይ በማርች ወር ለፀደይ መግቢያ የሚደረገው ቀይና ነጭ ክር ተሰክቷል። ጉልበታቸው ላይ የዕለቱ የትምህርት ዕቅድ ተዘርግቷል፦ እያንዳንዱ ደቂቃ የተጻፈበት፣ እያንዳንዱ ደቂቃ ነጥብ ያለው። ኦቲሊያ ለቋሚ መምህርነት ስትፈተን ይህ ሦስተኛዋ ነው። አራተኛ የለም።

«እትዬ፣» አለ ራሬሽ ከመስኮቱ ጥግ፣ «ዛሬ ጠዋት የሚለው የእውነት ዛሬን ነው?»

ወረቀቱን አነሣችው። ትናንት ደጋግማ አንብባዋለች፤ አሁን ግን ገና ማየቷ ሆነ። «ዛሬ ጠዋት እናቴ ስትቀሰቅሰኝ እንዲህ አለችኝ፦» ይላል። ከሥሩ አሥር ባዶ መስመሮች።

«እኔን የቀሰቀሰኝ አያቴ ነው፣» ቀጠለ ራሬሽ። «ያውም በማንኮራፋት።»

ሁለት ሦስት ልጆች ሳቁ። ከፊቱ የተቀመጠችው ልጅ ዞር ብላ፣ «ያንተ እናት ከቶሪኖ ድረስ ብትጮህም አትሰማም፣ እንቅልፋም፣» አለችው።

«ያንቺስ መቼ መጣች?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ሰሌዳው መለሰች።

የአሥራ አንዱ ልጆች እናቶች ጣልያን አገር ናቸው። የሰው ሽማግሌ ይጦራሉ፤ የሰው ልጅ ያሳድጋሉ። ኦቲሊያ ይህን እንደ ገዛ ስሟ ታውቀዋለች። ስሙን ደግሞ ለራሱ ደጋግሞ የሚነግር ሰው የለም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ በመምህራን ክፍል ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ሁሉን ጽፋለት ነበር። ሦስተኛ ክፍል፤ አሥራ ሰባት ተማሪዎች፤ አርባ አምስት ደቂቃ፤ የእናቶች ቀን ስለ ደረሰ ርእሱ እናት፤ መጀመሪያ መጻፍ፣ ቀጥሎ ተራ በተራ ቆሞ ማንበብ፤ ተቆጣጣሪ ይገኛል። ዕቅዱንና የልጆቹን ወረቀት ከማውጣቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቃት፦ ስለ ልጆቹ ኑሮ ማወቅ የሚገባኝ ነገር አለ? ጣቷ አላመነታም። «የለም፤ የተለመደ የገጠር ክፍል ነው» ብላ መለሰችለት። አልዋሸችም። በዚህ መንደር የተለመደው ይኸው ነው።

የግድግዳውን ሰዓት አየች። ወረቀቱን ብትሰበስብ ስሕተቷን በአደባባይ መፈረሟ ነው፤ የቀረው ጊዜም ባዶ ይሆናል። ባትሰበስብ፣ ከአራት ደቂቃ በኋላ ልጆቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ያነባሉ።

መጀመሪያ ከራሬሽ ጎን ወደምትቀመጠው ወደ ኢሊንካ ሄደች። የሌሎቹ እናቶች በየማታው ይደውላሉ። የኢሊንካ እናት ከገና ወዲህ ድምጿ አልተሰማም፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ ልጅቷ ባለችበት ግን የሚያነሣው የለም። ኦቲሊያ ወረቀቱን ለመውሰድ እጇን ስትዘረጋ ኢሊንካ በክርኗ ከለለችው።

«አልጨረስኩም፣ እትዬ።»

«ሌላ ሥራ ልሰጥሽ ነው፣ የኔ ልጅ።»

«ይሄን ነው የምፈልገው።»

ክርኗን ግን ጥቂት አነሣችላት። ስምንት መስመር ሞልቷል። «ተነሺ ጫጩቴ፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጨቅይቷል አለችኝ። ወፍራሙን ካልሲሽን ምድጃው ላይ አሙቄልሻለሁ አለችኝ። እኔ አምስት ደቂቃ ብቻ ብዬ ለመንኳት። እሷም እሺ ብላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ።»

ራሬሽ አንገቱን አስግጎ ነበር። «ምን ጻፈች? እሷ እኮ እናቷ…»

«ራሬሽ።»

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ልጁ ግን አንገቱን ሰበሰበ።

«መምህርት ኦቲሊያ፣» አሉ ወይዘሮ ስማራንዳ ከኋላ፣ በእርሳሳቸው ዕቅዱን እየነኩ። «ሃያ አምስተኛው ደቂቃ፣ ንባብ ይላል። ደርሷል።»

«አውቃለሁ፣ ወይዘሮ ስማራንዳ።»

«እንግዲያው ከዚህች ልጅ ጀምሪ። ከሁሉም አብልጣ የጻፈችው እሷ ናት።»

ኢሊንካ አልተነሣችም። ጆሮዎቿ ቀሉ። አሥራ ስድስት ፊቶች ወደ እሷ ዞሩ፤ እነዚያ ፊቶች የሚያውቁትን ሁሉ ያውቃሉ። ኦቲሊያ በልጅቷ ጠረጴዛና በክፍሉ መካከል ቆመች።

«ዛሬ የሚነበብ የለም፣» አለች። «የጻፋችሁትን ማንም አያይባችሁም። ስትጨርሱ አጥፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ጠዋቱ ደግሞ የግድ የዛሬ መሆን የለበትም።»

«ይሄ ዕቅድሽ ላይ የለም፣» አሉ ተቆጣጣሪዋ።

«የለም። ዕቅዱ ሲወጣ መናገር የነበረብኝን አልተናገርኩም።»

ወይዘሮ ስማራንዳ መጻፍ ጀመሩ። እርሳሳቸው ወረቀቱን ሲፍቅ ይሰማል፤ ቆም ይላል፤ እንደገና ይቀጥላል። ኦቲሊያ ዞራ አላየችም። ቀስ በቀስ ሌሎች እርሳሶችም ከያቅጣጫው ተነሡ፤ የራሬሽም ሳይቀር፣ እጁን ጋሻ አድርጎ።

ከኢሊንካ ጠረጴዛ ላይ አንድ ላጲስ ተንከባሎ ወደቀ። ኦቲሊያ ልታነሣው በርከክ አለች። ከጠረጴዛው ሥር ሁለት ትንንሽ እግሮች ጫማቸውን አውልቀው ነበር፤ ስስ የበጋ ካልሲ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የራሰ። አንዱ እግር በሌላው ላይ ተደርቦ፣ ሙቀት ፍለጋ፣ ቀስ እያለ ይታሻል።