የቀንድ አውጣው ክላክስ

የሰፈሩ ሰው «ቀንድ አውጣው» ይለዋል። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ቤት ተሸክሞ የሚሄድ ትልቅ መኪና ነው። እርግጥ እስካሁን ሲሄድ ያየው የለም። የሻጩ ሾፌር ግቢ ውስጥ አቁሞት ከወጣ ሦስት ወር ሆኖታል፤ ጎማው ሥር ሣር በቅሏል።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የስምሪት ኃላፊ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሾፌር አንቀጥቅጠዋል። ኩርባ ላይ ፍጥነት ያልቀነሰ፣ በመስታወት ኋላውን ያላየ፣ ማርሽ ያንኳኳ ሁሉ የብዕራቸውን ስለት ያውቀዋል። አሁን ደግሞ አገር ላገር ሊዞሩ ነው። የጉዞውን መሥመር ፀጉር አስተካካዩና ዳቦ ጋጋሪው በቃላቸው ይወጡታል፤ ሳይወዱ በግድ ተምረውት። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክላክሱ አይጮኽም።

«ያለ ክላክስ መኪና የሚያንቀሳቅስ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው» ይላሉ ኃላፊው። እንዲህ ያለ አዋቂ ተናግሮ ማን አፉን ይከፍታል?

የመኪና ኤሌክትሪሺያኑ ሲጠራ የሃያ ደቂቃ ሥራ መስሎት እያፏጨ መጣ። ፊውዙ ተቃጥሏል፤ ቀየረው። መሪው መሀል ያለውን ቁልፍ ሲጫን ቀንድ አውጣው እንደ ኮርማ አገሳ፤ የጎረቤት ዶሮ አጥር ዘላ ጠፋች። ኃላፊው ግን አልሳቁም። ትልቅ ሰው በትንሽ ነገር አይደሰትም።

በማግስቱ ጠዋት ስልክ ተደወለ።

«ስማ አንተ፣ ይሄ ነው ሙያህ?»

ሄዶ ቢያይ አዲሱ ፊውዝ ቦታው ላይ የለም። ሌላ ተከለ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ሽቦው ለሁለት ተቆርጦ አገኘው፤ ያልተበጠሰ፣ ያልተፈገፈገ፣ እንደ ክር ጥርት ብሎ የተቆረጠ። ቀጠለው። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው።

ኃላፊው ይህን ሁሉ ፀጉር ቤት ተቀምጠው በዝርዝር አወሩ። ወሬው ሰፈሩን ለማዳረስ ሳምንት አልፈጀበትም። አውቶቡሶቹን ለዓመታት በኤሌክትሪሺያኑ ያሠራ የነበረው ደንበኛ «ክላክስ ያቃተው ሰው አውቶቡሴን አይነካም» ብሎ ወደ ሌላ ጋራዥ ዞረ። ሌሎቹም ተከተሉት። የገዛ እናቱ እንኳ አንድ ማታ «የኔ ልጅ፣ እስቲ ሌላ ሙያ ብትሞክርስ?» አለችው። እንቅልፍ በዐይኑ ሳይዞር ነጋ።

ጠላቱን ማግኘት ነበረበት። ደግሞም ብዙ አልተቸገረም።

የኃላፊው ሚስት ልብስ ሰፊ ናቸው። መቀሳቸው በጥብጣብ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። የመኪናው ቁልፍ ከስፌት መኪናቸው በላይ ምስማር ላይ ነው። ስለ ጉዞው የሚያስቡትንም አልደበቁም።

«ደንበኞቼን ጥዬ ቆርቆሮ ውስጥ ልተኛ?» አሉት። «እግሬ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አይልም። ከፈለገ እሱ ይዙር።»

ኤሌክትሪሺያኑ መቀሱን አየ። ሽቦውን አሰበ። ነገሩ ሁሉ እንደ ቀትር ፀሐይ በራለት።

«እትዬ፣ መኪናው ጋ ይሄዳሉ እንዴ፣ አልፎ አልፎ?»

«ምን ልሠራ? እዚያ የሚውለው እሱ ነው። መሪውን ወዲህ ወዲያ ሲያሽከረክር ነው የሚመሽለት።» ቀና ብለው አዩት። «ገባኝ። ስማ የኔ ልጅ፣ እኔ ባሌን ለማስቀረት ሽቦ አልቆርጥም። አፌ ይበቃኛል።»

ጥፋተኛ ሁሉ እንዲህ ብሎ ነው የሚምለው፣ አለ በልቡ። ብልህ ነበርና በዚህ አልተታለለም።

ዓርብ ዕለት ሥራውን እንደ ባንክ ካዝና ሠራው። ሽቦውን በብረት ቱቦ ውስጥ አሳለፈ፤ የፊውዙን ሳጥን በጓጉንቸር ቆለፈ፤ የጓጉንቸሩን ቁልፍ ኪሱ ከተተ። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩን፣ ዳቦ ጋጋሪውንና የአውቶቡሶቹን ባለቤት ለቅዳሜ ጠዋት ጠራ። ክላክሱ ከጮኸ ስሙ ይመለሳል፤ ካልጮኸ የእናቱን ምክር ይሰማል።

ቅዳሜ ግቢው በሰው ተሞላ። ኃላፊው ዐይናቸው ደም መስሎ ወጡ። የመንገድ ጉጉት እንቅልፍ ነሥቷቸው ነው ተባለ። ኤሌክትሪሺያኑ ጓጉንቸሩ ላይ አዲስ ጭረት አየና እትዬን በጎን ገረመማቸው። እሳቸው ክር ከቀሚሳቸው ላይ ይለቅማሉ።

«ጋሼ፣ ጋቢና ይግቡና ይሞክሩት።»

ኃላፊው ገቡ። ጣታቸው የክላክሱ ቁልፍ ላይ ሲደርስ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ተጫኑት።

ቀንድ አውጣው መስኮት እስኪርገበገብ አገሳ። ሰው አጨበጨበ። የአውቶቡሶቹ ባለቤት ኤሌክትሪሺያኑን ትከሻውን መታ አደረገውና «ሰኞ ሁለቱን አመጣልሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» አለው። ዳቦ ጋጋሪው እየሮጠ ሄዶ የግቢውን በር ወለል አድርጎ ከፈተ። ሁሉም መንገድ ለቀቀና ቆሞ ጠበቀ።

ኤሌክትሪሺያኑ የድል ፈገግታውን ወደ እትዬ ሊያዞር ሲል፣ ኃላፊው በመስኮት ብቅ ብለው በጣታቸው ጠሩት። ላባቸው በአገጫቸው ይወርዳል። ጆሮውን አስጠግቶ አጎነበሰላቸው።

«ልጄ» አሉ ኃላፊው፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «ፍሬኑ የትኛው ነው?»