የላስቲኩ ሽጉጥ

ጭምብል ያጠለቀው ዘራፊ ፋርማሲው ውስጥ ሽጉጥ ሲመዝ ሰው ሁሉ ወለሉ ላይ ተደፋ። ለስለላ ፊልሞች የውሸት ሽጉጥ የሚሠራው ሰውዬ ግን ቀና ብሎ እጀታውን አየ። ስንጥቁን የደፈነበት ቢጫ ማስቲሽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የገዛ እጁ ሥራ፣ ላስቲክ! ሳቁ ሊያመልጠው ምንም አልቀረው።

በዚህ መሃል ከበሩ በኩል የሽማግሌው ዘበኛ ጠመንጃ ሲቀባበል ተሰማ። ያኛው ላስቲክ አልነበረም። ሰውዬው በምን እግሩ እንደተነሳ ሳያውቅ መሃላቸው ገባ።

“አባባ፣ እንዳይተኩሱ! የፊልም ሽጉጥ ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት!”

ላስቲኩ ከኋላው ወለሉ ላይ ወድቆ ነጠረ። ሽጉጡን ከመጋዘኑ የሰረቀበትን ሰው ለማየት ገና ፊቱን ሳያዞር፣ ከጭምብሉ ሥር የታፈነ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ድምፅ ሰማ።

“ተወኝ ወንድምጋሼ፤ ዞር በልላቸው፣ ይተኩሱ።”