ለእሱም ጠብ

ጽዋው የአራሷ እጅ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። የሰምርኔስ ከተማ ጠዋት በባሕር ጭጋግ ተሸፍኖ፣ ደጃፉን የሞሉት ጎረቤቶች በሕልም የሚታዩ ይመስሉ ነበር። ሕፃን ስም ሲወጣለት፣ እናቱ ከመጠጣቷ በፊት ለቤቱ አማልክት ወይን ምድጃው ላይ ጠብ ታደርጋለች። በዚያ ጠዋት ስም የሚወጣለት የእሷ ልጅ ነበር፤ እሷ ግን ጽዋዋን እንደያዘች ፍሙን ፈዝዛ ታየው ነበር።

«ምነው ፈዘዝሽ?» አለ አንዱ ጎረቤት። «ወይስ አንቺም እንደነዚያ ባለ አንድ አምላኮች አቴኦስ ሆነሻል? አምላክ የለሽ!»

ቃሉ እንደ ጭስ ከጣሪያው ሥር ተንሳፈፈ። የሰፈራቸውን ሸማኔ ሚስት ወታደሮች ጎትተው የወሰዷት በዚሁ ቃል ነበር። እሷ ግን ጽዋውን አላዘነበለችም።

«ወዲያ በይ፣ አንቺ ቀርፋፋ!» ብለው አማቷ በክርናቸው ገፋ አደረጓት። ወይኑ ተደፋ፤ ፍሙ ቸስ አለ። ጎረቤቶቹ እልል አሉ።

በእልልታው መሃል አማቷ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ። «ያንቺው አምላክስ ምን ይጠጣል?»

«ምንም አይጠጣም፣ እማማ።»

«ምንም? ውይ፣ ምስኪን!» አሉና፣ ማንም ሳያያቸው ከገዛ ጽዋቸው ለእሱም ጠብ አደረጉለት።