የጎደለችው ቲ

ጠመኔውን አጥብቃ ይዛ በትንሿ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ጌቲንግ ቤተር» ብላ ትጽፋለች። እየተሻለው ነው ለማለት። ሰሌዳውን ጭኗ ላይ አቁማ ወደ ባሏ ታዞረዋለች።

ባሏ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ያያታል። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ተማሪዎቹ «መብረቁ» ይሉት ነበር። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ከወደቀ ወዲህ ግን ቀኝ እጁም አንደበቱም አልታዘዝ ብለውታል።

እሷን የከበዳት ዝምታው አይደለም፤ ገራምነቱ ነው። ጨው አነሰ ብሎ ቤት ያምስ የነበረው ሰው አሁን የሰጡትን ይበላል፣ ያስቀመጡት ቦታ ይውላል። ጠያቂ ሲመጣ «ተመስገን፣ ደህና ነው» ትላለች፤ ከሸኘች በኋላ ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች።

ትናንት የንግግር ሐኪሟ «የለመዱትን ነገር ያስታውሷቸው፣ እማማ» አለቻት። የለመደው ማስተማር ነው። በተጋቡ ሰሞን እሷንም ማስተማር ጀምሮ ነበር። ፊደል በሳተች ቁጥር ሲቆጣት ጊዜ «ሚስትህ እንጂ ተማሪህ አይደለሁም!» ብላ ተነሳች፤ ነገሩም በዚያው ቀረ።

«እስቲ እየው፣ መምህር። ልክ ነኝ?»

ዓይኑ ከሰሌዳው አይነቀልም። ቀስ በቀስ ግንባሩ ይኮማተራል። ግራ እጁን ከጉልበቱ አንስቶ ወደ ሰሌዳው ይዘረጋል።

ጠመኔውን ታቀብለዋለች። ከጣቶቹ ያመልጠዋል። አንስታ መልሳ ታስጨብጠዋለች። በመጀመሪያው ቃል መሀል፣ ብቻዋን ከቆመችው ቲ ጎን፣ ሌላ ቲ ይጭራል፤ ጠማማ፣ ግን ቲ። ትንፋሹን ሰብስቦ ሁለተኛው ቃል ላይም እንዲሁ ያደርጋል።

«ውይ! አናባቢዋ አጭር ስትሆን ተነባቢዋ እጥፍ ትሆናለች ብለኸኝ ነበር፤ ረሳሁት!» ትላለች። «እኛ በአፋችን እናጠብቃለን እንጂ አንጽፈውም እኮ። በዚህ በዚህ ነው ያስቸገርኩህ። በል ይኸው፣ አስተካከልክልኝ።»

ሰሌዳውን ልታነሳ ስትል በክንዱ ተጭኖ ይይዝባታል። ከዚያ የሷንም የራሱንም ጽሑፍ በመዳፉ ጠራርጎ ያጠፋዋል። ፊቱ ቀልቷል። ጠመኔውን ደረቷ ላይ ይደቅናል።

ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ይጎተታል። «ድ...» ምራቁ አገጩ ላይ ይወርዳል። ልትጠርግለት ስትል ፊቱን ያዞርባታል። «ድ... ድገሚ!»

ተቆጥቷታል። ከወንበሩ ሥር ትንበረከካለች፤ ጠመኔውን ትቀበለዋለች። እንባዋ ሰሌዳው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። በረጠበው ላይ ጠመኔው አልይዝ ሲላት፣ ደረቅ ቦታ እየፈለገች ትጽፋለች።