ባለ ሦስት ማራገቢያው

«ሠላሳ ሁለት ሺህ። ከዚያ በላይ ሳንቲም አልጨምርም» አሉ ሐጂ ኑርሑሴን፣ የኮምፒውተር ግራፊክስ ካርዱን እንደ ጣቃ ጨርቅ እያገላበጡ።

ሰሚሐ በርጩማው ላይ ተቁነጠነጠች። አባቷ አርባ ዓመት ጨርቅ ነግደዋል፤ ፔዳ ሰፈር ወዳለው የኮምፒውተር ሱቅ ይዛቸው የመጣችውም ራሷ ለምትገጣጥመው ኮምፒውተር የምትገዛውን ዕቃ ዋጋ እንዲያስቀንሱላት ነበር። እሷ የመረጠችው ግን ባለ አንድ ማራገቢያዋን፣ ትንሿን ካርድ ነው። እሳቸው ትልቅ ይሻላል ብለው የያዙት ባለ ሦስቱን ነው።

«ኧረ ሐጂ፣ አከሰሩኝ እኮ!» አለ ባለ ሱቁ ሰላህ እየሳቀ። «ይህ ጨዋታ ማጫወት ብቻ አይደለም፣ ያስጨፍራል!»

«የምትጫወተው ልጄ ናት። እኔ ጨፍሬ ጨርሻለሁ።»

ካርዱ መጥፎ አልነበረም። ኃይል ግን ይበላል። ጭኗ ላይ ባስቀመጠችው ካርቶን ውስጥ ያለው፣ ትናንት የገዛችው ኃይል ሰጪ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ አይችለውም። ሌላ ልግዛ ብትል ለማስታወሻው፣ ለራም፣ የሚተርፍ ብር የላትም። ሁለት ዓመት የሰው ልጆች አስጠንታ ያጠራቀመችው ብር የማይነሣ ኮምፒውተር ሆኖ ሊቀር ነው። ይህን ለመናገር ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፤ ሦስቴም ሁለቱ ነጋዴዎች ቀደሟት።

«ይሁን እንግዲህ፣ ለእርስዎ ስል ነው» አለ ሰላህ። ተጨባበጡ።

ሰሚሐ ካርቶኑን ጨበጥ አደረገች። አባቷ በአፋቸው የቆረጡትን ዋጋ ትተው ሲሄዱ አይታ አታውቅም። ገበያው ሁሉ የሚያምናቸውም በዚሁ ነው።

«በይ ክፈይውና እንሂድ፤ የዙህር ሶላት ደርሷል» አሉና አንድ እግራቸውን ከደጃፉ አወጡ።

«አባ!» ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አይሆነኝም። ከገዛሁት ዕቃ ጋር አይሠራም።»

የሰላህ ፈገግታ ጠፋ። «ከተስማማን በኋላ?»

«ተስማምታችኋል። ግን ገና አልተለያያችሁም» አለች፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሣ። «ሐዲሱ ገዥና ሻጭ ከተገበያዩበት ቦታ እስኪለያዩ ድረስ ውሉን ማጽናትም መተውም ይችላሉ ይላል። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ፣ አባ።»

ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን ደጋግሞ ነፋ።

ሐጂ ኑርሑሴን ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩዋት። ከዚያ ዝቅ ብለው ከደጃፉ ውጭ የረገጠውን አንድ እግራቸውን፣ አቧራ የለበሰውን ጫማቸውን ተመለከቱ፤ ቀስ አድርገው እግራቸውን ወደ ውስጥ መለሱ።