አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ

ሴትየዋ ስብሰባውን ልትሰርዘው ነው ወይስ ወደ ሌላ ቀን ልታዛውረው? ጃፓንኛው በማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ይንቆረቆራል፣ እኔ ግን እንጃ። እነዚህ ሰዎች እንቢ ማለት አያውቁም፤ ዙሪያውን ይዞሩና ዋናውን ነገር ሳይናገሩት ያልፋሉ። ያልተባለውን ካልሰማሽ ወደቅሽ ማለት ነው። አምናም የጣለኝ ይኸው የማዳመጡ ክፍል ነው።

የጃፓንኛው ፈተና እሁድ አዲስ አበባ ነው። ካለፍኩ ጃፓን ሄጄ እማራለሁ፤ ከወደቅኩ እዚሁ ወልድያ ረዳት መምህር ሆኜ መቅረቴ ነው። ከእኔ በላይ የጓጓው ግን አባቴ ነው። መርሳ ቁጭ ብሎ በስልክ «ዛሬስ ሰማሻቸው?» ይለኛል፣ ጃፓኖቹ የጎረቤት ሰዎች ይመስል።

ዛሬ ሳላስበው የአባቴ እህት፣ አክስቴ ሰዒዳ፣ ከመርሳ መጣች። ገበያ የላት፣ ሰርግ የላት። ሁልጊዜ «ያቺ የወፍ ቋንቋሽ ደህና ናት?» እያለች የምታበሽቀኝ ሴት ገና ከበሩ «አጥኚ ልጄ፣ እኔን ተይኝ፣ አንቺ ብቻ አጥኚ» አለችኝ። አከራዬ እማማ ጥሩወርቅ ደግሞ «ካርድ አልቆብኝ» ብለው ከጠዋት ስልኬን እንደወሰዱ ቀሩ። በላፕቶፕ የማዳምጠውም ለዚህ ነው።

«አባባስ?» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ። ሰላም ብሎሻል። ብርቱካንም ልኮልሻል።»

ፌስታሉን ከፍቼ አየሁት። አባቴ ብርቱካን ሲልክ ከጓሮው ከነቅጠሉ እየቆረጠ ነው፤ ቅጠል የሌለው የነጋዴ ነው ይላል። ፌስታሉ ውስጥ አንድም ቅጠል የለም። ደክሞት ይሆናል ብዬ ወደ ጥናቴ ተመለስኩ። ወይ እኔ!

አሁን አክስቴና እማማ ጥሩወርቅ ደጅ ተቀምጠው ያወራሉ። ጆሮዬ የተደፈነ መስሏቸዋል። ቅጂው በጥያቄና በጥያቄ መሀል፣ ተፈታኙ ምርጫውን ያንብብ ብሎ ጸጥ እንደሚል በምን ይወቁ?

ጸጥ አለ።

«…እስከ እሁድ ነው እትዬ ጥሩወርቅ። አደራዎን፣ ስልኩን እንዳይሰጧት። አንደበቱ ሳይያዝ የተናዘዘው ይህንኑ ነው። ከፈተናዋ እንዳታስቀሯት፣ ስትጨርስ ንገሯት አለ።»

«ምነው፣ ቀብሩን እንኳ ብታይ ኖሮ…» አሉ እማማ ጥሩወርቅ።

«ምን ይደረግ። ሆድ ይፍጀው።»

ጃፓናዊቷ ቀጠለች። ጥያቄው አመለጠኝ። መልሼ ላጫውተው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት፤ ፈተናው ላይ አይደገምም። የአክስቴንም ማንም አይደግምልኝም፣ ደግሞም አንድም ቃል አላመለጠኝም።

መጮህ አማረኝ። በሩን በርግጄ ወጥቼ «አባቴን ያለእኔ ቅበሩ ያላችሁ ማነው!» ብዬ መሬት ላይ መንከባለል አማረኝ። በገንኩ። ግን ከጮህኩ አክስቴ የወንድሟን አደራ በላች ማለት ነው። እሱም በመጨረሻ ሰዓቱ አንድ ነገር ለምኖ፣ ያንኑ ያፈረስኩበት እኔ ልሆን ነው። ከንፈሬን ነከስኩ።

አክስቴ ቀስ ብላ ገባች፤ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቀልኩ። ዓይኗ ደም መስሏል። አጠገቤ ተቀመጠችና አንድ ብርቱካን አንስታ መላጥ ጀመረች።

«ምን ይላሉ ሰዎቹ?» አለች።

«ስብሰባ ነበራቸው» አልኩ። «ለዛሬ ነበር የተባለው። ሰኞ አድርገውታል።»

የምትልጥበት እጇ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት።

«ሰኞ ደህና ነው» አለች በመጨረሻ። «አብሽሪ ልጄ። ሰኞ አጠገብሽ ነኝ።»

ብርቱካኑን ገምሳ ግማሹን እጄ ላይ አደረገችልኝ። ማዳመጫውን መልሼ ሰካሁ፣ ምንም ግን አልከፈትኩም። እንዲሁ አኘክሁ። የነጋዴ ብርቱካን ነው።